ማሽኑ ኮድ ሲጽፍ ጳጉሜን 6ን ማን ያስታውስ?

ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከአፉ አይጠፋም፦ «ኮዱን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፈው ከሆነ እናንተ ምን ልትሠሩ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን «ሙያው አለቀለት» ከሚሉትም፣ «ወሬ ነው፣ የተለወጠ ነገር የለም» ከሚሉትም ዘንድ አይገኝም። የሚያገኘው ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነው። ለዚያ ደግሞ ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም።

ኮድ ማለት ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። በስልክዎ ለዘመድ ገንዘብ ሲልኩ «በላኪው ሂሳብ የተጠየቀው ያህል ካለ ከዚህ ቀንስ፣ እዚያ ጨምር፤ ከሌለ በቂ ሂሳብ የለዎትም በል» የሚል ትእዛዝ አንድ ሰው ቀድሞ ጽፎ አስቀምጧል። ትእዛዙ የሚጻፈው እንደ ፓይተን ወይም ጃቫ ባሉ ቋንቋዎች ነው። ቃላቸው ጥቂት ነው፤ ሰዋስዋቸው ግን ምሕረት አያውቅም፤ አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ሥራው ይቆማል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ኮድ ጽሑፍ መሆኑ ነው። ጽሑፍ መገመት የሚችል ማሽን ኮድም መገመት ይችላል።

መገመት ሲባል ምን ማለት ነው? «ሲሮጡ የታጠቁት» ብዬ ዝም ብል አማርኛ አፉን የፈታበት ሁሉ «ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ይጨርስልኛል። መዝገብ ያገላበጠ የለም፤ ደጋግሞ ስለሰማው ቀጣዩ ቃል በራሱ መጣለት። የኤአይ ሞዴል ሥልጠናም መሠረቱ ይኸው ነው። ሰዎች ባለፉት ዓመታት እንደ ጊትሃብ ባሉ ቦታዎች ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት እጅግ ብዙ ኮድ ይቀርብለታል። ቀጣዩ ቁራሽ ይሸፈንበትና «ምን ይከተላል?» ይባላል። ሲሳሳት በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ፤ ይህ ለመቁጠር እስኪያታክት ይደጋገማል። ያየውን ቃል በቃል የሚደግምበት ጊዜ ቢኖርም፣ በመጨረሻ የሚቀረው የኮድ መጋዘን ሳይሆን በቢሊዮን የሚቆጠሩ የተስተካከሉ ቁጥሮች ናቸው። ቁራሾቹ ቶክን ይባላሉ። ሞዴሉ አንድ ቶክን ይጽፋል፤ የጻፈውን ጨምሮ ሁሉንም መልሶ ያያል፤ ቀጣዩን ይጽፋል። እንዲህ እያለ ገጹን ይሞላል።

ይህ መንገድ ለኮድ እንደሚያገለግል በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ኦፕን ኤአይ የተባለው ኩባንያ ኮዴክስ የሚባል ሞዴል ሠርቶ 164 አጫጭር የፕሮግራሚንግ ጥያቄዎች ቢያቀርብለት በመጀመሪያ ሙከራው 28.8 በመቶውን በትክክል መለሰ። በዚያው ዓመት በእሱ ላይ የተመሠረተው ጊትሃብ ኮፓይለት ለሙከራ ቀረበ፤ በዓመቱ በወር 10 ዶላር ለሁሉም ክፍት ሆነ። ፕሮግራመሩ የፋንክሽኑን፣ ማለትም አንድን ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል፣ ስም ጽፎ ሳይጨርስ ቀሪው በግራጫ ፊደል ከፊቱ ይደረደራል። ከተስማማው ታብ የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ካልተስማማው መጻፉን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ትልቁን ለውጥ ያየ የመሰለው ያኔ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ፣ ሞዴሉ የሚሠራበት እጅ ሲበጅለት ነው። በራሱ ጽሑፍ ከመጻፍ በቀር የሚያደርገው ነገር አሁንም የለም፤ የተለወጠው በዙሪያው የተሠራለት ፕሮግራም ነው። ሞዴሉ «ይህን ፋይል ክፈት» ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ከፍቶ ይዘቱን ያቀርብለታል። አንብቦ «ይህን መስመር በዚህ ቀይር» ይላል፤ ይቀየርለታል። «አሁን ኮዱን አስኪድ» ይላል፤ የመጣውን የስሕተት መልእክት አይቶ እንደገና ይሞክራል። ሰው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ይህ ዙር ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። ኤጀንት የሚሉት ይህንን ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ብቅ ያለው ክሎድ ኮድ፣ ከርሰር የተባለው የኮድ መጻፊያና መሰሎቻቸው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ዕድገቱ ፈጣን ነው። በኦክቶበር 2023 የወጣው ስዊ ቤንች የተባለ መመዘኛ ከ12 የፓይተን ፕሮጀክቶች የተወሰዱ 2,294 እውነተኛ ችግሮችን ይዞ ቀረበ፤ ያኔ የተሻለ ውጤት ያመጣው ሞዴል የፈታው 1.96 በመቶውን ብቻ ነበር። ከእነዚሁ መካከል ሰዎች አጣርተው በለዩዋቸው 500 ችግሮች ላይ በ2025 አጋማሽ ከ70 በመቶ በላይ የሚፈቱ መጡ። ሁለተኛው ፈተና የተጣራ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማወዳደር አይገባም፤ ጉዞው ወዴት እንደሆነ ግን አያጠያይቅም።

አሁን አንድ ሥራ እንስጠው። «የፈረንጅ ቀን ሲሰጠው የኢትዮጵያን ቀን የሚመልስ ፋንክሽን ጻፍልኝ» እንበለው። ለኪራይ ውል፣ ለመድን፣ ለልደት ምዝገባ፣ ለደመወዝ የሚያስፈልግ ሥራ ነው።

ኮዱ በሴኮንዶች ውስጥ ይመጣል። ንጹሕ ነው፤ ስሞቹ ተመርጠዋል፤ ማብራሪያም አለው። ሞዴሉ ደካማ ከሆነ ወይም በችኮላ ከተጠየቀ ግን ኮዱ «መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው» ከሚል መነሻ ሊጀምር ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ይሞክሩት፤ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር፤ ትክክል ይመልሳል። ገናን ይሞክሩት፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025ን ታኅሣሥ 29 ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ፕሮግራመሩ ደስ ብሎት ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን ይስጡት። «መስከረም 1 ቀን 2016» ብሎ ይመልሳል። ስሕተት ነው። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ያ ዕለት ጳጉሜን 6 ነው፤ አዲሱ ዓመት የገባው በማግሥቱ ሴፕቴምበር 12 ነው። ስሕተቱም በዚያች ዕለት አያበቃም። ጃንዋሪ 7 ቀን 2024ን ቢጠይቁት ታኅሣሥ 29 ይላል፤ የዚያ ዓመት ገና ግን የተከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ለወራት የውሉ ቀን በአንድ ቀን ተዛብቶ ይመዘገባል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሕፃን ጭራሽ የልደት ቀን አይኖረውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ስክሪኑ ላይ አንድም የስሕተት መልእክት አይወጣም።

ሞዴሉ ጳጉሜንን አያውቃትም ማለት አይደለም። ዛሬ ያሉት ጠንካራ ሞዴሎች ስለ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ዘመን ቢጠየቁ ያስረዳሉ። ነገር ግን ከሠለጠኑበት ኮድ እጅግ የሚበዛው 12 ወር ላለው ዓመት የተጻፈ ነው፤ ግምታቸው ወደዚያ ያጋድላል። «በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን አትርሳ» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር የጨመረ ሰው የተሻለ ኮድ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ያን ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ግን ራሱ ማወቅ አለበት፤ አውቆም በሰዓቱ ትዝ ሊለው ይገባል። በዚህ ሙያ ዛሬ ውድ የሆነው ይህ ነው። መጻፉ ረክሷል።

ከዚህ የከፋም አለ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚፈትሽ ሌላ ትንሽ ኮድ ይጽፋሉ፤ ቴስት ይባላል። «ይህን ቀን ስሰጠው ይህን ካልመለሰ ንገረኝ» የሚል ነው። አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው አሁን ቴስቱንም ለኤአይ ረዳቱ ይተውለታል። ረዳቱ ኮዱን ከተሳሳተ መነሻ ጽፎ ከሆነ ቴስቱንም ከዚያው መነሻ ሊጽፈው ይችላል፤ «ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መስከረም 1 ነው» ብሎ ይጠብቃል፣ ኮዱም ያንኑ ይመልሳል፣ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። ተፈታኙ የራሱን ወረቀት አረመ ማለት ነው። አለቃ ሪፖርቱን አይቶ ይደሰታል።

በዚህ ነገር ላይ አቋሜ ጽኑ ነው፦ የሚጠበቀውን መልስ ሰው ከሞዴሉ ውጭ ማምጣት አለበት። የግድግዳ ካላንደር አውርዶ፣ ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ን፣ መስከረም 1ን፣ ፌብሩዋሪ 29ንና ማግሥቱን በየዘመኑ ለይቶ፣ መልሳቸውን በገዛ እጁ ይጻፍ። ይህ ከተደረገ ኮዱን ረዳቱ ቢጽፈው አይከፋኝም። ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህም ይቀድማል፤ ኮዱን ጨርሶ አያስጽፍም። አይሲዩ በተባለውና በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱም ዓመተ ዓለሙም፣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ረዳት ጻፍ ሲባል መጻፍ ይቀናዋል፤ «ይህ ነገር ቀድሞ ተሠርቶ ይሆን?» ብሎ ማንሣት የሰው ድርሻ ነው።

ላይብረሪ ካነሣን አይቀር፣ ሌሎች ጽፈው ለጋራ ያስቀመጡት ኮድ ማለት ነው፤ ስሙን ጠርቶ ማውረድ ይበቃል። ሞዴል ቀጣዩን ቃል የሚገምት ስለሆነ እውነት የሚመስል፣ ነገር ግን የሌለ ስም ሊጠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበ አንድ ጥናት 16 ሞዴሎችን 576,000 የኮድ ናሙናዎች አስጽፎ ነበር። ከጠሯቸው ላይብረሪዎች በድምሩ 19.7 በመቶው የሌሉ ሆነው ተገኙ፤ በክፍያ የሚሠሩት ሞዴሎች በጣም የተሻሉ፣ 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። የሌለ ስም ቢጠራ ምን ይጎዳል? ኮዱ አይሠራም፣ በቃ፤ እንዲህ የሚያስብ ይኖራል። ሌባ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ሞዴሎች ደጋግመው የሚጠሩትን የሌለ ስም ፈልጎ በራሱ ያስመዘግበዋል፤ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ኮድ ያስቀምጥበታል፤ ከዚያ ረዳቱን ያመነ ሰው መጥቶ እስኪያወርደው ይጠብቃል። ስለዚህ የማያውቁትን ላይብረሪ ከማውረድ በፊት ማን ሠራው፣ መቼ ወጣ፣ እነማን ይጠቀሙበታል ብሎ ማጣራት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቤት ያድናል።

የደኅንነት ነገር በዚህ አያቆምም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፓይለትን አደገኛ ስሕተት በሚበዛባቸው ሥራዎች ላይ 1,689 ፕሮግራሞች አስጽፈውት 40 በመቶ ገደማው ሰርጎ ለመግባት የሚያመች ቀዳዳ ነበረው። ሞዴሎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ምክንያቱ ግን አሁንም አለ፤ ሞዴሎቹ የተማሩት ሰዎች ከጻፉት ኮድ ነው፣ ሰዎችም ቀዳዳ ሲተዉ ኖረዋል።

ሥራ ያፋጥናል የሚባለውስ? ሁለት ሙከራዎች ጎን ለጎን ቢታዩ ነገሩ ይገለጣል። በኮፓይለት ላይ በተደረገ አንድ ሙከራ 95 ፕሮግራመሮች በጃቫ ስክሪፕት ትንሽ የዌብ ሰርቨር እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ረዳት የተሰጣቸው 55.8 በመቶ ባነሰ ጊዜ ጨረሱ። ሥራው ከባዶ የሚጀመር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀድሞ የሠሩት ዓይነት ነበር። በሌላ በኩል ሜተር የተባለ የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በነበሩት መሣሪያዎች 16 ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ለዓመታት በሚያውቁት የራሳቸው ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራዎች አሠራቸው። ረዳቱን የተጠቀሙባቸው ሥራዎች 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወሰዱ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ባለሙያዎቹ «20 በመቶ አፍጥኖልናል» ብለው ያምኑ ነበር።

ለምን? ኮዱ በፍጥነት ሲመጣ ሰው የፈጠነ ይመስለዋል። የመጣውን ማንበብ፣ ከነባሩ ጋር ማስማማት፣ የማይሆነውን መጣልና እንደገና መጠየቅ የሚበላው ጊዜ ግን አይታወቀውም። ትልቅና ነባር ፕሮጀክት ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ያልሰፈረ ብዙ ነገር አለ፦ ይህ መስመር ለምን እንዲህ ሆነ፣ የትኛው ደንበኛ ተቆጥቶ ነው የተቀየረው፣ የቱን ብንነካ ምን ይፈርሳል። ያ በባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ነው እንጂ ሞዴሉ በሚያነበው ፋይል ውስጥ የለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ የሶፍትዌር ዋናው ችግር ምን መሠራት እንዳለበት መወሰኑ እንጂ መጻፉ እንዳልሆነ ተከራክሮ ነበር። ዘንድሮ ያ ክርክር ይበልጥ ያሳምናል።

«ይህ አዲስ አይደለም፤ ድሮም እንዲህ ተብሎ ነበር» የሚሉ አሉ፤ በከፊል ልክ ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያውን ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ስትሠራ፣ ፎርትራን የተባለው የኮድ ቋንቋም በ1957 ሲወጣ፣ ሰው በማሽን ቋንቋ ቁጥር በቁጥር መጻፉ ቀረ፤ ፕሮግራመሩ ግን በዛ እንጂ አልጠፋም። በኮምፓይለርና በኤአይ ረዳት መካከል ግን ሊዘነጋ የማይገባ ልዩነት አለ። ኮምፓይለር አንድ ዓይነት ኮድ ሲሰጡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል፤ ስለዚህ ያወጣውን ማንም ቁጭ ብሎ አያነብም። ረዳቱ ግን ሊከተሉ ከሚችሉት ቶክኖች በዕጣ መሰል መንገድ ስለሚመርጥ፣ ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ቢጠየቅ ሁለት የተለያየ ኮድ ሊሰጥ ይችላል። የእሱ ሥራ መነበብ አለበት። በፌብሩዋሪ 2025 የኤአይ ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ ኮዱን ሳያነቡ በንግግር ብቻ ማሠራትን «ቫይብ ኮዲንግ» ብሎ ሲሰይመው ለቅዳሜና እሑድ መሞከሪያ እንደሚበቃ ነበር የተናገረው። ለቤተሰብ የፎቶ አልበም ይሁን። ለሆስፒታል የመድኃኒት መጠን፣ ለባንክ ሂሳብ፣ ለመታወቂያ ምዝገባ ግን በፍጹም አይሆንም።

በጣም የሚያሳስበኝ የጀማሪዎች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካን የደመወዝ መዝገብ አጥንተው፣ ከ22 እስከ 25 ዓመት ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ቅጥር በ2022 መጨረሻ ከነበረበት ከፍታ በ20 በመቶ ገደማ መውረዱን ዘገቡ። የኤአይ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ኢኮኖሚስቶች ይከራከሩበታል። ነገሩ ግን ይገባል፦ ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ቀላል ሥራ አሁን ለረዳቱ ይሰጣል። ጀማሪው ግን የሚበስለው በዚያ ቀላል ሥራ ላይ ተሳስቶ፣ ተወቅሶ፣ አርሞ ነው። ያ ደረጃ ከተነሣ ከዓመታት በኋላ ጳጉሜን 6 ትዝ የሚለው ሰው ከየት ይመጣል?

ለኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ አፕ ሥራ ያስተምራል። ሠልጣኞቹ ሙያውን የሚጀምሩት ረዳቱ ባለበት ዓለም ነው። ረዳቱንም በአማርኛ ማናገር ይችላሉ፤ ግን ኮምፒውተር አንዱን የግዕዝ ፊደል የሚያስቀምጠው በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በሦስት ባይት ነው፣ የላቲኑን በአንድ። ሞዴሎቹም በብዛት የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከአቻው እንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን ይፈጃል፤ የሚከፈለው ደግሞ በቶክን ነው። ቢሆንም የኛን ካላንደር፣ የኛን ሰዓት አቆጣጠር፣ ከአባት ስም በቀር የቤተሰብ ስም የሌለውን አጠራራችንን ጠንቅቆ የሚያውቅ ፕሮግራመር፣ የውጭ ሞዴል በራሱ የማያስበውን የሚያስብ ነው። ይህ ዕውቀት ገበያ አለው።

ለሚማሩት የምለው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረዳቱን ዝጉት። ትንሽ ፕሮግራም በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ ሲበላሽ የስሕተት መልእክቱን ራሳችሁ አንብቡ። ከዚያ ክፈቱት፤ ግን አንድ መስመር እንኳ ሳይገባችሁ አትቀበሉ። ያልገባችሁን ራሱን ጠይቁት፤ ለማስረዳት ጥሩ ነው፤ የነገራችሁን ደግሞ አስኪዳችሁ አረጋግጡ።

ለመምህራን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው ያስረከበውን ኮድ ብቻ አይታችሁ ማርክ አትስጡ። አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ከመካከል አንድ መስመር ምረጡና «ይህ ቢወጣ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ማርኩንም በመልሱ ስጡ።